«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጀምሮ ለተወው ወንድሜ

ውድ ወንድሜ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ መሆንህን፣ የአማርኛ መምህርህ በክረምቱ አንድ ረጅም ልብ ወለድ አንብባችሁ ኑ ማለታቸውን፣ አንተም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጀምረህ ሃያ ገጽ ሳትሞላ መተውህን ጽፈሃል። «ልጆች የሚወዱት ሌላ መጽሐፍ ካለ ንገሩኝ፤ ወይስ ችግሩ ከእኔ ነው?» ብለህም ጠይቀሃል። እኔ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ያንኑ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ዛሬ ግን ካነበብኳቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ስለዚህ ችግሩ ከአንተ እንዳልሆነ በሙሉ ልቤ እነግርሃለሁ።

እኔን ያሸነፈኝ ታሪኩ ሳይሆን አማርኛው ነበር። በመማሪያ መጽሐፋችን ያሉት ምንባቦች አጫጭር ናቸው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ግን አንዱን ሐሳብ ሳይጨርሱ ሌላውን እየቀጠሉ፣ እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ረጋ ብለው ነው የሚጽፉት። በዚያ ላይ መጽሐፉ የሚጀምረው ከሁለቱ ፍቅረኞች ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ሳይሆን ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነውና፣ «የፍቅር ታሪክ ነው» ተብሎ የተነገረው ልጅ ፍቅሩን ሲጠብቅ ይደክመዋል። እኔም የደከመኝ እዚያው ላይ ነበር።

ሦስተኛው ሙከራዬ የዘጠነኛ ክፍል ክረምት ላይ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ በሻማ ሳነብ አያቴ «ለብቻሽ ከምታጉረመርሚ ጮክ ብለሽ ለእኔም አንብቢልኝ» አሉኝ። ማንበብ ስጀምር በዓይኔ ሳየው እንደ ገመድ የተጠላለፈብኝ ዓረፍተ ነገር በድምፅ ሲወጣ አያቴ ራሳቸው የሚያወሩት አማርኛ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ገና ሳይገባኝ እርሳቸው ይስቁ ነበር። ጉልት የሚባለው፣ ጌታው ከገበሬው ግብር የሚበላበት መሬት ምን እንደሆነ፣ መልከኛ የሚባለው ሰው በገበሬው ላይ ምን ሥልጣን እንደነበረው፣ ሰው እልፍኝ የሚገባው እንዴት ባለ ሥርዓት እንደሆነ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። የበዛብህ እናት ልጃቸው እንዲተርፍላቸው የተሳሉት ስለት ላይ ስንደርስ ግን ንባቡን አስቁመው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ እንደ ተራ ነገር አልፌው ልሄድ የነበረው ያ ስለት የታሪኩ ሁሉ መቋጠሪያ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ ዝምታቸው ነው።

እንግዲህ የምመክርህ ይህንን ነው፤ መጽሐፉን ከመቀየርህ በፊት አነባበብህን ቀይር። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች ጮክ ብለህ አንብባቸው፤ ቢቻልህ ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ለሆነ የቤትህ ሰው አንብብለት። አጠገብህ የሚሰማህ ከሌለ የተዋናዩን የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ ፈልግ። ወጋየሁ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የተረከው ሲሆን ቅጂው ዛሬ በዩቲዩብ ይገኛል። የሰብለ ወንጌልን አባት የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣና የጉዱ ካሣን ንግግር በእርሱ ድምፅ ከሰማህ በኋላ ወደ ገጹ ስትመለስ ሰዎቹ በጆሮህ ውስጥ ሲናገሩ ትሰማቸዋለህ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ትረካ መስማት ማንበብ አይደለም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። እኔ አንድ ምዕራፍ ሰምቼ ያንኑ ምዕራፍ በዓይኔ እደግመው ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ነው ሳላስተውል ያለፍኳቸውን ነገሮች ያገኘኋቸው።

ለልጅ ደግሞ ከፍቅሩ ይልቅ የሚጥመው ሌላ ነገር አለበት። ገበሬዎቹ ከተለመደው በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው አበጀ በለውን መሪ አድርገው የሚነሡበትን ክፍል ሳነብ እራት ቀርቦ እንኳ መጽሐፉን አላስቀመጥኩም። ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው ጉዱ ካሣም በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ውስጥ እውነቱን የሚናገር ሰው ነው፤ እርሱ በሚናገርባቸው ገጾች ዳር በእርሳስ ምልክት እያደረግሁ አልፌአለሁ። ደራሲው የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም በምትባል ቦታ ሲሆን፣ እንደ በዛብህ ሁሉ እርሳቸውም በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። የቆሎ ተማሪውን ኑሮ ያን ያህል አጥርተው የጻፉት ስለኖሩበት ይመስለኛል።

አሁንም ከአጭር መጽሐፍ መጀመር እመርጣለሁ ካልክ ቅር አይለኝም። በ1958 ዓ.ም፣ ማለትም «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመበት በዚያው ዓመት የወጣው የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በጣም ያጠረ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከቋራ ተነሥተው በ1860 ዓ.ም በመቅደላ ራሳቸውን መሠዋታቸውን ከታሪክ ትምህርት ስለምታውቅ መንገዱ አይጠፋብህም። ከወደድከው ስለዚያው ንጉሥ አቤ ጉበኛ የጻፉትን «አንድ ለናቱ» አስከትልበት። አንድ ሰው በሁለት ደራሲዎች እጅ እንዴት እንደሚለያይ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር፤ እቤት ካለው ታናሽ ወንድሜ ጋር «የማንኛው ቴዎድሮስ ይበልጣል?» እያልን ሳምንት ሙሉ ተከራክረንበታል።

ጀብዱ የምትወድ ከሆነ ደግሞ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» አትለፈው። በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ሲታተም ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር፤ ዛሬ የዚህ ዓይነቱን ድርሰት ሁሉ ልብ ወለድ ብለን የምንጠራውም ከዚያው ተነሥተን ነው። አባቷ በጦርነት ተሸንፎ፣ ወንድሟ ዋሕድ ከቤት ወጥቶ ሲቀር፣ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች። ከዚያ በላይ አልነግርህም። ሴት ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለች ልጅ ማግኘቴ በጣም አስደስቶኛል። አማርኛው ግን የቆየ ነው፤ ይህንንም ጮክ ብለህ ነው ማንበብ ያለብህ።

የክፍል ጓደኞችህ በእርግጥ የሚነግሩህ «ዴርቶጋዳ»ን ይሆናል። የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ በ2001 ዓ.ም ከወጣ ጀምሮ በእኛ ዕድሜ ካሉ ልጆች እጅ ጠፍቶ አያውቅም፤ ምስጢሩ፣ ሳይንሱ፣ የጣና ገዳማቱ አንድ ላይ ተሰናስለው ስለሚጎትቱ ረጅም ነገር አንብቦ የመጨረስ ልማድ ለሌለው ልጅ ጥሩ መነሻ ነው። እኔም በሦስት ቀን ጨርሼዋለሁ። ነገር ግን አንዴ ምስጢሩን ካወቅሁ በኋላ ልመለስበት አላሰኘኝም፤ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን መጨረሻውን እያወቅሁ ተመልሻለሁ። የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» እና «ኦሮማይ» ሌሎች ይጠሩልህ ይሆናል፤ እነርሱን ለአሥረኛና ለአሥራ አንደኛ ክፍል አቆያቸው፤ የአዋቂ ሰው ጭንቀት ናቸውና አሁን ብታነባቸው ግማሹ ያመልጥሃል።

መጽሐፉን ስትዋስም ሆነ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስትገዛ መጀመሪያ ገጾቹን ቁጠር። እኔ የተዋስኩት «ፍቅር እስከ መቃብር» በብዙ እጅ ያለፈ ስለነበር ከመጨረሻው ጥቂት ቅጠሎች ተገንጥለውበት ነበር፤ ይህንን ያወቅሁት ደግሞ ከአያቴ ጋር እዚያው ስንደርስ ነው። ሌላ ቅጂ እስካገኝ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ በእነዚያ አራት ቀናት አያቴ ከቤት ስወጣ «አገኘሽው?» ስገባም «አገኘሽው?» ይሉኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሳገኘው ምሳ እንኳ ሳንበላ ቁጭ ብለን ጨረስነው።