ለገጠር ሆስፒታል ነርሶች የርቀት ስልጠና፦ ከፕላትፎርሙ በፊት ሰዓቱንና ሰውየውን

ሰላም ለሁላችሁም። እህታችን በተለያዩ የገጠር ሆስፒታሎች ላሉ ነርሶች በርቀት ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና) እንድታዘጋጅ ተመድባ የትኛው ፕላትፎርም ይሻላል፣ ደሞ ሰው ጀምሮ እንዳያቋርጥ ምን ላድርግ ብላ ነው የጠየቀችው። እኔ ሪፈራል ሆስፒታል ሆኜ ለገጠር ነርሶች በርቀት ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁና ያየሁትን ልጻፍልሽ፣ ይረዝማል ታገሺኝ።

ፕላትፎርሙን ለጊዜው ተይው። ሙድልም (የኦንላይን ትምህርት መስጫው) ዙምም ቴሌግራምም ይሰራል፣ የማይሰራው ነርሷ የምትማርበት ሰዓት ሮስተር (የተረኛ ፕሮግራም) ላይ ሳይያዝላት ሲቀር ነው። የገጠር ሆስፒታል ነርስ እኮ አዳር ላይ ብቻዋን ሙሉ ዎርድ ይዛ፣ ለአንዱ መድኃኒት ስትሰጥ የሌላው ኦክስጅን እያለቀ፣ በመሀል ደሞ ማዋለጃ ክፍል ድረሺልን እየተባለች የምታድር ሰው ናት። እሷን በትርፍ ሰዓትሽ ሞዱል ጨርሺ ስትያት ከእንቅልፏና ከልጆቿ ላይ ቀንሺ እያልሻት ነው። ስለዚ መጀመሪያ ከሜዲካል ዳይሬክተሩና ከማትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) ጋር ቁጭ በይና በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳን ቢሆን የስራ ሰዓት ተብሎ በስም ሮስተሩ ላይ ይግባ፣ በዛ ሰዓት ዎርዱን ማን እንደሚይዝም አብሮ ይጻፍ። ይሄ በወረቀት ሳይፈረም አትጀምሪ፣ የቃል ስምምነት ሰው ያጠረ ቀን ይረሳል። አብዛኛው አቋረጠ የሚባል ሰው ስንፍና ይዞት አይደለም፣ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ተረኛ ሆኖ ክፍለ ጊዜው አመለጠውና ከዛ በኋላ መመለስ አፍሮ ነው የቀረው። ለዚህ እኛ አንዱን ርዕስ በሳምንት ሁለቴ፣ አንዴ ጠዋት አንዴ ከሰዓት እንደግመዋለን፣ አዳር የወጣ ሰው ደሞ ተኝቶ ተነስቶ የሚሰማው አጭር የድምጽ ቅጂ እንልካለን።

አንድ ትንሽ የምትመስል ግን ሰው የምታስቀር ነገር ልጨምር። ነርሷ በስልኳ ስትማር አስታማሚ "እኛ እዚህ እየተጨነቅን እሷ ስልክ ትነካካለች" ይላል፣ አለቃም ገብቶ ሲያያት ይቆጣል። ያየኋት አንድ ማትሮን የነርሶች ክፍል በር ላይ የስልጠና ሰዓቱን በትልቁ ጽፋ ለጠፈችና ነገሩ በቃ ቆመ። ይሄን ጠይቂላቸው።

ሁለተኛው ደሞ ከሁሉም በላይ የማምንበት ነው፣ በየሆስፒታሉ አንድ ሰው ያስፈልግሻል። ኤክስፐርት መሆን የለበትም፣ ሰው የሚሰማው፣ እዛው የሚሰራ ነርስ ይበቃል። የርቀት ትምህርት ጭንቅላት ውስጥ ይገባል ግን እጅ ላይ የሚወርደው እዛው አብሮ የሚለማመድ ሰው ሲኖር ነው። ይሄ የኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። ሰሜን ታንዛኒያ ውስጥ ሃይዶም የሚባል የገጠር ሆስፒታል አለ፣ እዛ ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ የተባለውን፣ ሳይተነፍስ የተወለደን ህጻን የመርዳት ስልጠና ለአንድ ቀን ሰጡና ለኩ። በ2013 የወጣው ውጤት ሰራተኞቹ ማኔኪን (የመለማመጃ አሻንጉሊት) ላይ በጣም እንደተሻሻሉ፣ እውነተኛ ህጻን ላይ የሚሰሩት ግን እንዳልተለወጠ ነው ያሳየው። ከዛ ስልጠናውን አሳጥረው እዛው ማዋለጃው ክፍል ውስጥ ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ልምምድ አደረጉት፣ በ2015 በታተመው ጥናት በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚሞቱ ህጻናት ከ1000 ውስጥ ከ11.1 ወደ 7.2 ወርደዋል። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ረጅም ሌክቸር የሚባል ነገር ትቻለሁ።

እኛ እንዲ ነው የምናደርገው። ዙሙ ላይ አስር ደቂቃ እናሳያለን፣ ከዛ በየሆስፒታሉ ያለው ሰው ማኔኪኑን ዎርድ ውስጥ በሚታይ ቦታ አስቀምጦ ሺፍት ርክክብ ላይ ሁለት ሁለት ሰው ያለማምዳል። አንዱ ወጣት ነርስ ስልኩን የጓንት ካርቶን ላይ አስደግፎ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ሲጨምቅ ከዚህ ሆነን እያየን ነበር፣ የማኔኪኑ ደረት አልነሳ ሲለው እሱ ጭራሽ አጥብቆ ይጨምቃል። ማስኩ አገጩን አልፎ ወርዷል፣ አንገቱም ከልክ በላይ ወደኋላ ታጥፏል፣ ካሜራው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጭንቅላቱን ትንሽ መልሰው፣ ማስኩን ከአገጩ ጫፍ ጀምረህ አሳርፈው አልነው፣ ደረቱ ብድግ ሲል እዛ የነበሩት በሙሉ አጨበጨቡ። ያንን ልጅ ስላይድ አሳይቼው ቢሆን ማስኩ እንዲህ እንደሚንሸራተት አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ሶስተኛ፣ ትምህርቱን ከነሱ ኬዝ፣ ማለትም ራሳቸው ካዩት ታካሚ፣ አስነሺው። ፕሮጀክት ኢኮ የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል፣ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በ2003 ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎች ስፔሻሊስት ለማግኘት ስምንት ወር ሲጠብቁ አይቶ፣ ራቅ ባለ ቦታና እስር ቤት ውስጥ ያሉ ባለሙያዎች በየሳምንቱ በቪዲዮ የራሳቸውን ታካሚ እያቀረቡ እንዲማሩ አደረገ፣ በ2011 የወጣው ጥናት ላይ እነሱ ጋ የታከመው ሰው የመዳን ዕድሉ ዩኒቨርሲቲው ጋ ከታከመው ጋር እኩል ሆነ፣ 58.2 እና 57.5 በመቶ። ቁም ነገሩ ሌክቸሩ አጭር፣ ኬዙ ረጅም መሆኑ ነው፣ ኬዙን የምታቀርበው ደሞ ነርሷ ራሷ ናት። መጀመሪያ አካባቢ ማንም አይናገርም፣ ዶክተር ሲኖር ይብሳል፣ ስለዚ አስቀድመሽ አንዷን ደውለሽ አዘጋጂያት፣ ስታቀርብም ማንም "ለምን እንዲ አላደረግሽም" ብሎ እንዳይጀምር ተቆጣጠሪ። አንዷ ከተዋረደች በሚቀጥለው ሳምንት ኬዝ አታገኚም። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ፊት የሚታይበት ፎቶ ግሩፕ ላይ እንዳይገባም ከመጀመሪያው ቀን አጥብቀሽ ተናገሪ።

ደሞ ከማስተማርሽ በፊት እዛ ምን እንዳለ ጠይቂ። ኢንፊውዥን ፓምፕ (በደም ስር የሚሰጥን ፈሳሽ መጥኖ የሚያስገባ ማሽን) ለሌለው ዎርድ ስለ ፓምፕ አታስተምሪ፣ ጠብታ መቁጠር አስተምሪ። 1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሆነ የፈሳሽ ማስገቢያ ቱቦ 1 ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ በደቂቃ 42 ገደማ ጠብታ ነው፣ ይሄን ሰዓት ይዘው ታካሚ አጠገብ ቆመው ይቁጠሩት። ኦክሲቶሲን (ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠውን መድኃኒት) ስታነሺም ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይይዛል ወይ፣ መብራት ሲጠፋ የት ይቀመጣል ብለሽ ጀምሪ። በሌለ ዕቃ የሚሰጥ ትምህርት ነርሷን ተስፋ ነው የሚያስቆርጣት፣ ያን ደሞ ብዙ አይቻለሁ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ፕላትፎርሙ። ኔት ደካማ ስለሚሆን በስልክ የሚከፈት፣ አንዴ ዳውንሎድ ተደርጎ ያለ ኔት የሚነበብ ይሁን፣ የሙድል አፕ ይሄን ያደርጋል። ቪዲዮ ከሶስት አራት ደቂቃ አይብለጥ፣ ሲቆራረጥ ካሜራ አጥፍተው በድምጽ ብቻ ይቀጥሉ፣ ስላይዱን ቀድመሽ በቴሌግራም ላኪላቸው። ዳታ ከኪሳቸው እንዳይሆን የሆስፒታሉን ዋይፋይ ወይ የዳታ ካርድ ቀድመሽ ጨርሺ። በቃ ይሄው ነው፣ ከዚህ በላይ አትጨነቂበት።

ውጤቱን በምን ትለኪዋለሽ የሚለውን አልጠየቅሽም ግን አለቆችሽ ይጠይቁሻል። ከስልጠናው በፊትና በኋላ የሚሰጥ ፈተና ሁሌም ከፍ ብሎ ይወጣል፣ በሱ አትርኪ፣ ቻርት (የታካሚ መዝገብ) ክፈቺ። ለምሳሌ በደም ግፊት ምክንያት ነፍሰ ጡርን እንዳያንቀጠቅጣት ስለሚሰጠው ማግኒዝየም ሰልፌት አስተምረሽ ከሆነ የሚቀጥለው ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት የታካሚዋ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆኑ፣ የጉልበት ሪፍሌክሷ መኖሩ፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ተጽፏል ወይ? መድኃኒቱ ከበዛባት ማርከሻው ካልሺየም ግሉኮኔትስ አልጋው አጠገብ አለ ወይ? ካለፈው ወር ቻርት ጥቂቱን አውጥቶ ይሄን ማየት እዛው ያለው ሰው ይችላል፣ ያገኘውንም ማንንም በስም ሳይጠራ ለራሳቸው ለነርሶቹ ያሳያቸው። እኔ ጋ ሰውን ያነሳሳው ሰርተፍኬቱ አልነበረም፣ የራሳቸውን ቻርት ማየታቸው ነው። የሲፒዲ ነጥቡ ግን መብታቸው ነውና እንዳይዘገይባቸው፣ ፈቃድ ማደሻ ሲደርስ ማንም ወረቀት ፍለጋ መንከራተት የለበትም።

የኬዝ ማቅረቢያ ፎርማችን አንድ ገጽ ነው፣ በእጅ ተሞልቶ ፎቶ ተነስቶ ሊላክ ይችላል፣ ከፈለግሽው ንገሪኝና እዚሁ ስር እለጥፍልሻለሁ። በየሆስፒታሉ ስንት ነርስ እንዳለና በአንድ አዳር ስንት እንደሚገቡ ብትጽፊልኝ ደሞ ሮስተሩን አብረን እናየዋለን።