የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በረዶ ሲገባበት ውሃ ውሃ የማይል የቅጠል ሻይ

ጥያቄ፦ ናና አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ በረዶ እጨምርበታለሁ። ትኩስ ሳለ ይጥማል፤ በረዶው ሲገባ ግን ውሃ ውሃ ይለኛል። እንዲጠነክር ብዬ ቅጠሉን ግማሽ ሰዓት ባቆየው ደግሞ መረረኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ ሂሳቡ ላይ ነው። በረዶው ቀልጦ ውሃ ይሆናል፤ እርስዎ ሻዩን ሲያፈሉ ያንን ውሃ አልቆጠሩትም። 80 ዲግሪ በሆነ ግማሽ ሊትር ሻይ ላይ ግማሽ ኪሎ በረዶ ቢጨምሩ፣ በረዶው ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀልጦ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሆነ 1 ሊትር መጠጥ ይወጣዎታል። 1 ግራም በረዶ ለመቅለጥ የሚወስደው ሙቀት፣ 1 ግራም ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ሲወርድ ከሚለቀው ጋር እኩል ነውና። እንግዲህ ጣዕሙ በግማሽ ቢቀንስ አይግረምዎ።

መፍትሔው ለ1 ሊትር የሚበቃውን ቅጠል በግማሽ ሊትር ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ለዚህ 30 ግራም ግድም እርጥብ ናና ይበቃል፤ ጠቅጠቅ ተደርጎ የተሞላ ሁለት እፍኝ ማለት ነው። ደረቅ ከሆነ 10 ግራም ይያዙ። ወፍራሙን አገዳ ቀንጥሰው ይጣሉ፤ ቅጠሉን ሳይከትፉ በመዳፍዎ መሃል አንዴ ጨመቅ አድርገው ሽታው ብቅ ሲል ይተዉት። ውሃው ፈልቶ ከእሳት ሲወርድ ቅጠሉን ጨምረው ወዲያው ይክደኑት፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ክዳኑን እንደ ትንሽ ነገር አይዩት። የናናን ሽታ የያዘው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ተኖ ይሄዳል፤ ቤቱ በናና ታወደ ማለት ከብርጭቆዎ ቀነሰ ማለት ነው። ሲከፍቱ ክዳኑ ላይ ያቀረረውን ጠብታ መልሰው ያራግፉት።

የመረረዎት በቆይታው ነው። ሽታው ቶሎ ይወጣል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ምሬቱና ጉምዛዜው ነው። ጠንከር እንዲል ሲፈልጉ ቅጠሉን ያብዙ እንጂ ደቂቃውን አያስረዝሙ። ሲያጠሉም ዝቃጩን በማንኪያ አይጭመቁት፤ ይመራል፣ ይደፈርሳልም። ጊዜ ካለዎት ከሻዩ ላይ ትንሽ ቀንሰው በበረዶ መሥሪያው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። በረዶው ራሱ ሻይ ከሆነ ቢቀልጥም የሚያቀጥነው የለም፤ ያኔ ውሃውን በግማሽ መቀነስም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጠጅ ሳር፣ ዝንጅብልና ካሞማይል አንድ ላይ አፍልቼ ነበር። የዝንጅብሉ ጣዕም ሳይወጣ ካሞማይሉ መረረ። አብረው አይሄዱም?

መልስ፦ አብረው ይሄዳሉ፤ እሳት ላይ የሚገቡበት ሰዓት ነው የሚለያየው። ጠንካራውና ሥሩ አስቀድሞ፣ አበባው መጨረሻ ላይ ይገባል። በግማሽ ሊትር ውሃ ላይ በስሱ የተቆራረጠ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና በቢላ ጀርባ የተቀጠቀጡ ሁለት የጠጅ ሳር ዘንጎች ያድርጉ። ጠጅ ሳሩ ሳይቀጠቀጥ ከገባ ጣዕሙን አይለቅም። ከድነው በለስላሳ እሳት 10 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከዚያ ያውርዱትና 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ካሞማይል ጨምረው፣ 5 ደቂቃ ሲሆነው ያጥልሉት። ካሞማይል ፈጽሞ አይቀቀልም። ለአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ባይጠጣው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከርከዴዬ ደማቅ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ የደበዘዘ መልክ አመጣ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። የከርከዴ ቀለም በኮምጣጣ ነገር ውስጥ ይቀላል፤ ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይሄዳል። ማዕድን የበዛበት ውሃ ኮምጣጣነቱን ያዳክመዋል። አንድ ብርጭቆ ቀድተው ጥቂት የሎሚ ጠብታ ያድርጉበት፤ ቀይነቱ ዓይንዎ እያየ ይመለሳል። ልኩ ለ1 ሊትር ከ15 እስከ 20 ግራም ደረቅ ከርከዴ ነው፤ 10 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ድስቱ አሉሚኒየም አይሁን፤ ኮምጣጣው ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ከርከዴ የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ናና ላይ ግን ሎሚ ተቃራኒውን ይሠራል። ኮምጣጣውና ሙቀቱ አረንጓዴውን ወደ ቡናማ ይለውጡታል። ስለዚህ ሎሚው ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይግባ፤ ለዓይን የሚያምረው እርጥብ ቅጠልም ሲቀዳ ብቻ ጣል ይደረግ።

ጥያቄ፦ ስኳሩ ከታች ይዘቅጣል፤ ባማስለውም አይሟሟም።

መልስ፦ ስኳር በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለመሟሟት ጊዜ ይወስዳል፤ እርስዎ ሲያማስሉ በረዶው ያልቃል። ሻዩ ትኩስ ሳለ ያጣፍጡት፤ ወይም እኩል ስኳርና ውሃ አሙቀው፣ ስኳሩ ሲጠፋ አቀዝቅዘው በጠርሙስ ይያዙ። ትኩሱን ሲቀምሱ ትንሽ የበዛ ቢመስልዎት አይቀንሱት፤ ምላስ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያለውን ጣፋጭ አሳንሶ ነው የሚቀምሰው። ማርም ለብ ባለው ውስጥ ይሟሟል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ቅጠሉን በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማዋል ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። እሳት ባልነካው ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ፀሐይ ላይ አያውሉት። የፀሐይ ሙቀት ጠርሙሱን ቢያሞቅ ቢያሞቅ 55 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ለመግደል አይበቃም፣ ለብ ባለው ሰዓት ሁሉ ግን ለመራባት ይመቸዋል። እሳት ካልፈለጉ ፍሪጁ አለልዎት። በደንብ የታጠበ 30 ግራም እርጥብ ናና ወይም 10 ግራም ደረቅ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ይጨምሩ፤ ከድነው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆይተው ያጥልሉት። ምሬቱ እምብዛም አይወጣም፤ ለናና የምንመርጠውም ይሄንኑ ነው። ዝንጅብል ግን በዚህ መንገድ ይሳሳል፤ እሳት ይፈልጋል።

ሳይፈላ በቅዝቃዜ የወጣው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ። የፈላው ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ ፍሪጅ ከገባ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሲቀዳ ከተዝለገለገ ወይም ላዩ ላይ አረፋ ካበጀ፣ ሳይቀምሱ ይድፉት።