ትርፉን የሚከፍለው ማን ነው?

ልጆቼ፣

31 ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአፌ ያልጠፋ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? ስለ ክሪፕቶ፣ ማለትም ቢትኮይንን ስለመሰሉ የዲጂታል ገንዘቦች፣ ስትጠይቁኝም የማነሳው እሱኑ ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ዕቁብ ደረሰው። ለማንም ሳይናገር ብሩን በሙሉ ክሪፕቶ ውስጥ ከተተው። በቴሌግራም ሲግናል (አሁን ግዙ፣ አሁን ሽጡ የሚል ምክር) የሚሰጡ ሰዎችን እየተከተለ በ20 እጥፍ ሌቨሬጅ፣ ማለትም በብድር ካስያዘው ገንዘብ 20 እጥፍ በሚሆን መጠን፣ ይነግድ ነበር። 20 እጥፍ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያስረዳው አልነበረም። ዋጋው 5 በመቶ ብቻ ከወረደ ያስያዛችሁት ገንዘብ ተበልቶ ያልቃል። በዚህ ገበያ ደግሞ 5 በመቶ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። እሱም ተኝቶ ሲነሳ አካውንቱን ባዶ አገኘው። ዋጋው በማግስቱ ተመልሶ ቢወጣም ለእሱ ምንም አልፈየደለትም።

የሱቅ ትርፍ ምንጩ ይታወቃል፤ ዕቃ የገዛ ደንበኛ ነው። ቢትኮይን ግን የሚያመርተው ነገር የለም፤ ወለድም አይከፍልም። የምታተርፉት ሌላ ሰው እናንተ ከገዛችሁበት በላይ ከፍሎ ከእናንተ ሲገዛ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በ69,000 ዶላር ገደማ የገዛ ሰው፣ በዓመቱ ዋጋው ወደ 16,000 ወርዶ አየው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የቴራ ነገር ነው። ከአንድ ዶላር ዋጋው አይወርድም የተባለ ሳንቲም ነበር፤ ለሚያስቀምጥ ሰው በዓመት 20 በመቶ ገደማ ወለድ ይታሰብለት ነበር። ማን ነበር የሚከፍለው? ከተበዳሪዎች የሚገኘው ስለማይበቃ ከመሥራቾቹ ካዝና ይደጎም ነበር። በሜይ 2022 ሁሉም ነገር በቀናት ውስጥ ተናደ። 80 ዶላር ገደማ የነበረችው የቴራ እህት ሳንቲም፣ ሉና፣ ከአንድ ሴንት (ከዶላር አንድ መቶኛ) በታች ወረደች።

ቴክኖሎጂውን ተማሩት፤ እሱን አልቃወምም። የዕቁብ ብር፣ እህታችሁ ከቤሩት ወይም ከሪያድ የላከችውን ገንዘብ ግን አትንኩ። ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2022 በአገራችን በክሪፕቶ መገበያየት እንደማይፈቀድ አስታውቋል። ብትታለሉ አቤት የምትሉበት በር ጠባብ ነው።

የእህቴ ልጅ እስከ መጋቢት ድረስ በየሳምንቱ ዕቁቡን ይጥላል። ነገሩን ሦስት ወር ደብቆን ነበር፤ ያወቅነው ከስቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ ስናየው ነው። እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ለብቻችሁ አትያዙት። ዛሬውኑ ለእናታችሁ ወይም ለታላቃችሁ ንገሩ።