ትናንት ምን በሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ ሕዝብ የሚበላውን ስለሚያጠኑ ሰዎችና ስለሚጠይቁት ጥያቄ። እኔም ከዓመታት በፊት መጠይቅ ይዤ ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉ ሰፈሮች ቤት ለቤት ዞሬአለሁና የጠያቂውንም የተጠያቂውንም ጭንቀት አውቀዋለሁ።

«ሁለት ወጣቶች መጥተው ትናንት የበላሁትን ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ የበላሁት ሽሮ ነበር፤ አፍሬ እንቁላልና ወተት ጨመርኩበት። ጥናቱን አበላሸሁት? ደግሞስ ለምን ትናንትን ብቻ ይጠይቃሉ?» የቤት እመቤት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ

እህቴ፣ እፍረትዎ ይገባኛል። በእኛ ዘንድ የጓዳን ባዶነት ለእንግዳ ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም። እውነቱን ልንገርዎት ግን፣ ያ የተጨመረ እንቁላል የሚጎዳው እርስዎንና ጎረቤቶችዎን ነው። ሃምሳ እናቶች እንደዚሁ ቢያደርጉ ወረቀቱ ላይ የደሴ እናት እንቁላልና ወተት የሞላላት ሆና ትቀመጣለች፤ ያን ጊዜ የጎደለባትን የሚያስብላት አይኖርም። ጠያቂዋ ልትፈርድብዎት አልመጣችም። ስልኳን ሰጥታዎት ከሆነ ደውለው ያስተካክሉ፤ ካልሰጠችዎት ተመልሳ ስትመጣ ይንገሯት።

ትናንት የሚመረጠው ለማስታወስ ቅርብ ስለሆነ ነው። «ብዙ ጊዜ ምን ይበላሉ?» የተባለ ሰው የሚመኘውን ወይም ይገባል ብሎ የሚያስበውን ይናገራል። «ትናንት» ሲባል ግን ሳህኑ ዐይኑ ላይ ይመጣል። ዘዴው የ24 ሰዓት ትውስታ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የምግብ ፍጆታ ጥናትም የተሠራው በዚሁ ነው። ጥሩ ጠያቂ መጀመሪያ ሳያቋርጥ ያስወራል። ቀጥሎ የተረሳውን ይፈልጋል፣ ከዚያ ሰዓቱንና መጠኑን ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ሁሉን መልሶ ያነብልዎታል።

የተረሳውን መፈለግ ምን ያህል እንደሚጠቅም የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። አንዲት እናት «ቁርስ አልበላሁም» አሉኝ፤ እንዳሉኝ ጻፍኩ። ጨርሼ ልነሳ ስል ከረከቦቱ አጠገብ የስንዴ ቆሎ የያዘ ሰሃን አየሁ። ከየት እንደመጣ ብጠይቃቸው «እሱማ የቡና ቁርስ ነው እንጂ ምግብ ነው እንዴ?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ቤት ቆሎውን ሳልጽፍ እንዳለፍኩ እያሰብኩ ሌሊቱን አልተኛሁም። ከዚያ በኋላ ቡናን፣ ቆሎን፣ ወጥ ሲሠራ የሚቀመሰውንና የተጎረሰ ጉርሻን ለይቼ ሳልጠይቅ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ብቻውን የአንድን ሰው አመጋገብ አያሳይም። የገበያ ቀን ከሌላው ቀን ይለያል፣ ዓርብም ከቅዳሜ ይለያል። ስለዚህ ጥያቄው በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ይከፋፈላል፤ ከተጠያቂዎቹም ለጥቂቶቹ ከቀናት በኋላ ድጋሚ ይመጣባቸዋል። ደግመው ቢመጡብዎት የመጀመሪያው ስለጠፋባቸው አይምሰልዎት።

«ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እሠራለሁ። አራት ሆነን ቤት ተከራይተን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። የእኔ ድርሻ ስንት እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?»

የዚህን አገር የምግብ ጥናት ከብዙ አገሮች የሚያከብደው ይኸው አብሮ መብላታችን ነው። ከውጭ የተቀዳ መጠይቅ ሁሉም ሰው የየራሱ ሳህን አለው ብሎ ይነሳል፤ እኛ ዘንድ ግን ትሪው አንድ፣ እጁ አራት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠያቂው እውነተኛ እንጀራ ይዞ ይመጣና «የበላኸውን ያህል ቁረጥና ለብቻው አስቀምጥ» ይላል፤ ያንን ይመዝናል። ለወጡ ደግሞ በጭልፋ ወይም በውሃ ያስለካል። ጊዜና ገንዘብ ያለው ጥናት ከቤቱ ውሎ ድስቱን ከማዕድ በፊትና በኋላ ይመዝናል፤ ከሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው። ችግሩ፣ ሚዛን ፊቱ የተቀመጠበት ሰው እንደልቡ አይበላም።

የዱቄቱን ዓይነት መጠየቃቸውም በከንቱ አይደለም። የተመዘነው እንጀራ ወደ ብረት፣ ወደ ፕሮቲንና ወደ ሌላው ንጥረ ነገር የሚመነዘረው በምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ነው። ኢትዮጵያ የራሷን ሰንጠረዥ ማሳተም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን ጤፍና ማሽላ እዚያ ላይ ለየብቻ ነው የሰፈሩት። የምትበሉት እንጀራ ማሽላ የተቀላቀለበት ከሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ።

«በርበሬና ሽንኩርት አትክልት ተብለው ይቆጠራሉ?» ደሴ፣ ፒያሳ

በርበሬ ቅመም ነው፤ አይቆጠርም። ሽንኩርት ግን በአንድ ሰው ድርሻ ከ15 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ሾርባ ማንኪያ ገደማ ካላነሰ ይቆጠራል።

«በሁዳዴ ወይም በረመዳን የተሠራ ጥናት እውነቱን ያሳያል?» የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደሴ

የዚያን ወቅት እውነት ያሳያል፤ የዓመቱን ግን አያሳይም። በወሎ ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በአንድ ግቢ አንዱ ቤት 55ቱን ቀን ሲጾም ጎረቤቱ የሚያፈጥርበት ዘመን አለና። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ስለሚሸሽ አንድ ጊዜ በክረምት ሌላ ጊዜ በበጋ ይውላል፤ በገበያው ላይ ያለው ምግብም አብሮ ይለወጣል። «ከተነሳሽበት እስክትተኚ» ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ ደግሞ ሱሁሩን፣ ማለትም ከንጋት በፊት የሚበላውን፣ በሁለት ቀን መካከል ጥሎት ያልፋል። ጠንቃቃ አጥኚ ጾሙን ይመዘግባል፣ ከጾም ውጭም ተመልሶ ይጠይቃል።

ጾም በራሱ ገበታን ያደኸያል የሚለውን ግን አልቀበልም። የሴቶች የምግብ ስብጥር የሚለካው በ10 ምድብ ነው፦ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝና የቅባት እህል፣ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቅጠላማ አትክልት፣ እንደ ካሮትና ፓፓያ ያሉ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉት፣ ሌላ አትክልት፣ ሌላ ፍራፍሬ። በቀን ቢያንስ ከ5ቱ የበላች ሴት መስፈርቱን አሟልታለች። የሁዳዴ ጾም የሚወስደው ሦስቱን ነው፦ ወተትን፣ ሥጋና ዓሣን፣ እንቁላልን፤ ሰባቱ ይቀራሉ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ሱፍ ወይም ተልባ ብትበላ አምስት ሞላች። ቀኑን ሙሉ በእንጀራና በሽሮ ብቻ የዋለች ግን ጾመችም ፈሰከች ያላት ሁለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሕፃኑ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን እናት የጾሙን ድስትና ማንኪያ ቅቤና እንቁላል እንዳይነካባት ስትሳሳ፣ ገና ምግብ የጀመረው ልጅ ከእሷ ጋር ይጾማል። ለእሱ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ይፈታል። እባካችሁ፣ እናቶች፣ ለዩለት።

«አያቴ በድርቅ ዘመን ደላንታ ውስጥ ጓያ በልተው በከዘራ የቀሩ ሰዎችን ይነግሩኝ ነበር። እኛ ግን ጓያ የተቀላቀለበት ሽሮ እንበላለን። ጥፋቱ የጓያው ነው ወይስ የአበላሉ?» ነጋዴ፣ ደሴ

ወንድሜ፣ የምግብ ጥናት ምን እንደሚፈይድ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በደላንታና ዳውንት የጓያ ሽባነት በብዛት ተነስቶ ነበር። ጓያ ድርቅንም የረጋ ውሃንም ይችላል፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ለሳምንታት ዋና ቀለብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ጉልበትን ያስራል፣ ይበልጡንም የወጣት ወንዶችን። አንዴ ከያዘም አይመለስም።

ተመራማሪዎቹ ሄደው «ጓያ ትበላላችሁ?» ብቻ ብለው ቢመለሱ ኖሮ ሁሉም «አዎ» ባላቸው ነበር፤ አንዳችም ነገር አይለዩም። እነሱ ግን በምን መልክ እንደተበላ ጠየቁ። ቆሎውን፣ ንፍሮውንና እሸቱን ያዘወተሩት ላይ አደጋው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ ሲበላ ግን ያን አላዩም። ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀልና እንደ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለ ማጣፈጫ ባለው ወጥ ሲበላ ደግሞ አደጋው ዝቅ አለ። የታመመና ያልታመመ ቤትን ለይቶ ያሳየው ያ አንድ «እንዴት?» የሚል ጥያቄ ነው።

ሌላ ምግብ እያለ አልፎ አልፎ የምትበሉት ቅልቅል ሽሮ አያስፈራህ። ጓያውን ለብቻው ዋና ምግብ አታድርጉት፤ ቆሎውንና ንፍሮውን ተዉት። ክኩን ስታዘጋጁም ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት፤ ከመርዙ የተወሰነው አብሮ ይሄዳል። ገጠር ያሉ ዘመዶችህ ዘንድ ዝናብ የጠፋ ዓመት ይህን ሄደህ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል።

«ጠያቂዋ ቡና የምጠጣው ከምግብ ጋር መሆን አለመሆኑን ለምን ጠየቀችኝ?» ኮምቦልቻ

በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ስለሚይዘው ነው። ጤፍ ብረቱ ብዙ ነው ሲባል ሰምተው ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ የአፈር ብረት ነው፤ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። የቀረውን ደግሞ ቡናው ሲሻማብን እናጣዋለን። ቡናዎን አይተዉ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን ከማዕድ ተነስተው አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው አቦሉን ይቅዱ።