ኮምቦልቻ ላይ የሠራተኛ ጤና ልታጠኚ ላሰብሽው እህቴ

«የማስተርስ መመረቂያዬን በኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ጤና፣ በሥራና በቤት ኑሯቸው፣ በአካል ጉዳተኞች ቅጥር ላይ ልሠራ ነው። ፈቃድ እንዴት ይገኛል? መጠይቁንስ የት ላስሞላ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ አብሽሪ፣ ይሠራል። እኔም እዚያው ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ላይ ሠርቼ ጨርሻለሁ። የናሙና ቀመሩንና ሶፍትዌሩን አማካሪሽ ያሳይሻል። እኔ የምነግርሽ እሱ የማይነግርሽን ነው።

1. ሰው ሀብት ቢሮ ብቻሽን አትግቢ። የትብብር ደብዳቤሽና የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃድሽ የተሟላ ቢሆንም፣ መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበሩን ሊቀመንበር አግኚ። ማኅበር ከሌለ አንድ የቆየ ሠራተኛ ፈልጊ። እኔን የገጠመኝ የሰው ሀብት ኃላፊ (ፋብሪካውን አልጠራም) ደብዳቤዬን ቆሞ አነበበውና «ሠራተኛ ልታሳምፂብኝ ነው?» አለኝ። ተቀመጪ እንኳ አላለኝም። «ነገ ነይ»፣ «ሰኞ ነይ» እያለ ሐረጎን፣ ያንን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ዳገት፣ ሲያስወርደኝና ሲያስወጣኝ ከረመ። ደሴ ለሚኖር ሰው ያ መንገድ ገንዘብም ጉልበትም ነው።

በመጨረሻ ፈቀደ። አፈቃቀዱ ግን ከመከልከል የባሰ ነበር። ሠራተኞቹን ራሱ መርጦ አመጣልኝ። የፈረቃ ኃላፊዋ ደግሞ እዚያው ክፍል ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ሳል አለሽ? የለም። ትንፋሽ ያጥርሻል? ኧረ በፍፁም። ትርፍ ሰዓት ያስገድዱሻል? በፈቃዴ ነው። አንዷ ልጅ ሳል የለኝም እያለችኝ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስላለች። ዓይኗ ጥጉ ላይ ነው።

ያን ሁሉ መጠይቅ ጣልኩት። «ቁጥሩ ሞልቶ የለ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ያሉኝ ነበሩ። አሻፈረኝ አልኩ። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። አንቺም ኃላፊ ባለበት ክፍል የተሞላ መጠይቅ እንዳትቀበይ። ጥናትሽን ገደል የሚከተው እሱ ነው።

2. ሠራተኛውን ቤቱ ሄደሽ አግኚው። እኔ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋ ተመልሼ የመረጃ መሰብሰቢያ ቦታውን አስቀየርኩ። አንቺ ከአሁኑ ፕሮፖዛልሽ ላይ አስገቢው። ልጆቹ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ከሌሊት ፈረቃ የወጣችውን ልጅ ጠዋት አትቀስቅሻት። የእረፍት ቀኗን ጠብቂ። ረመዳን ከሆነ ከአፍጥር በፊት አትሂጂ። ቡና ከተፈላ ደግሞ እስከ በረካ ተቀመጪ፣ ወሬው የሚፈታው ከቶና በኋላ ነው። ደሞዝና የወሊድ ጉዳይ ግን አብረዋት በሚኖሩት ፊት አትጠይቂ፣ ለብቻዋ አድርጊው።

እዚያ ግቢ ውስጥ በፋብሪካው ዝርዝር ላይ ፈጽሞ የማታገኚያቸውን ታገኛለሽ። ታመው የለቀቁትን፣ ወልደው ያልተመለሱትን። ፋብሪካ ውስጥ ያለውን ብቻ ከቆጠርሽ የምትቆጥሪው መቋቋም የቻለውን ነው። የታመመው ቀድሞ ወጥቷል። ስለዚህ ወረቀትሽ ላይ ሠራተኛው ጤነኛ ይሆናል፣ አሠሪውም ያንኑ ወረቀት ይዞ «ይኸው ተጠንቷል» ይልሻል። የለቀቁትን ከናሙናው ጋር ሳትቀላቅዪ ለብቻቸው መዝግቢያቸው።

3. የጥጥ ብናኙን ጥያቄ የሳምንቱን ቀን እየለየሽ ጠይቂው። ፈተል ክፍል የምትሠራን ልጅ «ደረትሽን ያምሻል?» ብቻ ካልሻት አይሆንም። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ መጀመሪያ ላይ ጠባዩ ልዩ ነው። ከእረፍት በተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ደረትን ጨምቆ ይይዛል፣ በቀጣዮቹ ቀናት ቀለል ይላል። ሲቆይ ነው ሳምንቱን ሙሉ የሚሆነው። ከደሴ የምትመላለሰዋ «ብርድ መቶኝ ነው» ትልሻለች። የደሴ ብርድ ደግሞ ምክንያት ለመሆን አያንስም። ግን ብርድ የእረፍት ቀን እየጠበቀ አይመታም። «በየትኛው ቀን ይብስብሻል?» ስትያት ነው ነገሩ የሚወጣው። እኔ ይህን በጠየቅኩ ጊዜ አንዷ ዝም ብላ አሰበችና አጠገቧ ያለችውን «አንቺስ?» አለቻት። ለካ ሁለቱም ሰኞ ሰኞ ነው። ተነጋግረውበት አያውቁም።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ያ ኃላፊ «እኛ ጋ የሉም» ብሎኛል። አሉ። «አካል ጉዳተኛ ነህ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ሥራውን የፈራ ሁሉ አይደለሁም ይላል። የዋሽንግተን ግሩፕን (የአካል ጉዳት መጠይቅ ያዘጋጀ ዓለም አቀፍ ቡድን ነው) ስድስት ጥያቄዎች ተጠቀሚ፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት ምን ያህል ይቸግርሃል እያሉ የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ነው ጨርቅ ፍተሻ ላይ የሚሠራውን ልጅ ያገኘሁት። አንድ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው። ፈረቃውን ሙሉ ጠረጴዛውን በክንዱ ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ ክንዱ ጠቁሯል። ምን ብታገኝ ይሻልሃል ስለው «ከፍ ያለ በርጩማ» አለኝ። በርጩማ! አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ እንዲያመቻች ያስገድዳል። በሥራ መድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ አካል ጉዳተኛ ከከሰሰ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። ነገርኩት።

የሥራና የቤት ኑሮን ሚዛን ጥያቄ እንደ ወረደ አታቅርቢው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፉሻል። ትናንት ስንት ሰዓት ከቤት ወጣሽ፣ ስንት ሰዓት ተመለስሽ፣ ልጁን ማን ያዘልሽ በያት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱን በሳምንት 12 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። ከዚያ ጋር አስተያዪው። ሰርቪስ ስትጠብቅ የሚያልፈውንም ሰዓት ጨምሪበት።

ወሊድ ላይ ሕጉ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደሞዙ ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡርን ከሌሊት ሥራም ይከለክላል። አንቺ ግን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ማርገዝሽን ያወቅሽው መቼ ነው? ለኃላፊሽ የነገርሽውስ? በመካከሉ ያለው ጊዜ የተደበቀ ነው። ኮንትራቴ አይታደስም ብላ ሆዷን አስራ ሌሊት የገባች አግኝቻለሁ። ወንዶቹንም አትዝለያቸው። ሕጉ ለአባትም 3 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ እኔ የጠየቅኳቸው አብዛኞቹ ሰምተውም አያውቁም።

የክሊኒክ መዝገብ ላይ ብዙ አትመኪ። በ2014ቱ ጦርነት እዚያ ስንት ፋብሪካ እንደተዘረፈ ታውቂያለሽ፤ እኔ የፈለግኩት የቀድሞ መዝገብ አልተገኘም። ለድምፅና ለብናኝ ልኬት ግን ግቢው መግባትሽ አይቀርም። ለዚያ ሰው ሀብቱን ትፈልጊዋለሽ፣ ስለዚህ ከእሱ ጋር አትጋጪ። ማሽኑ በሚሠራበት ሰዓት ለኪ። ምሳ ሰዓት ላይ ሊያስገቡሽ ይሞክራሉ፣ እሺ እንዳትዪ።

መጠይቅሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የፈረቃውንና የወሊዱን ጥያቄ አይቼ እመልስልሻለሁ።