ወንድምሽን ወደ አገሩ የሚመልሰው ማነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ወንድምሽ የሚሠራበት መርከብ ባዕድ ወደብ ላይ ቆሟል፤ ደሞዝ ካገኘ ሦስት ወር አለፈው፤ ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። የሚመልሰው የወደቡ አገር ነው ወይስ የራሳችን መንግሥት ነው ያልሽው። የመጀመሪያው ተጠያቂ ሁለቱም አይደሉም።

እኔም መልህቅ ጥሎ በቆመ መርከብ ላይ አምስት ወር ተቀምጫለሁ። የጀነሬተሩ ነዳጅ ሲያልቅ ፍሪጁ ጠፋ፣ ስጋው ሸተተ። ሙቀቱ ስለማያስተኛ ፍራሻችንን እየጎተትን ዴክ ላይ እናድር ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። መውጫችን መመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ማናችንም አላነበብነውም።

ወረቀቱ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ነው። በዓለም አቀፉ የባሕረኞች የሥራ ስምምነት መሠረት የመመለሱ ዕዳ የመርከቡ ባለቤት ነው። እሱ ከጠፋ ደግሞ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ስምምነቱን በተቀበሉ አገሮች ባንዲራ የሚጓዝ መርከብ ለዚሁ የሚሆን ዋስትና መያዝ አለበት። ዋስትናው ትኬት፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ሕክምና እና እስከ አራት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደሞዝ ይሸፍናል። ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ያልከፈለ ባለቤት ሠራተኛውን ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል። ስለዚህ ወንድምሽ «ትንሽ ልታገስ» ማለት የለበትም። ራሱ ወይም የወከለው ሰው ኢንሹራንሱን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ኢንሹራንሱ እንቢ ካለ ተራው መርከቡ የተመዘገበበት አገር፣ ማለትም የባንዲራው አገር ነው። እሱም ዝም ካለ የወደቡ አገር ወይም የእኛ መንግሥት መልሶት ወጪውን ከባንዲራው አገር ሊጠይቅ ይችላል። ቆንስላ መሄድሽ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ ብቻ አትጠብቂ። የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን፣ አይ ቲ ኤፍ፣ በብዙ ወደቦች ተቆጣጣሪ አለው። ለእኛ መጀመሪያ ውሃ ይዞ የመጣው እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አንድ ነገር አደራ። አብሮኝ የነበረ ልጅ የባለቤቱ ወኪል ትኬት ይዞለት መጣና «ቀሪ ደሞዝ የለኝም» የሚል ወረቀት አስፈረመው። ልጁ እናቱ ታማ ነበር፣ አልፈርድበትም። የስምንት ወር ላቡ ግን በዚያች ፊርማ ቀረ። ከአራት ወር በላይ ያለው ውዝፍ በፍርድ ቤት መርከቡን በማሳገድ የሚጠየቅ ነው፤ በብዙ አገር ሕግ የባሕረኛ ደሞዝ ከባንክ ብድር ይቀድማል።

ዛሬ ማታ ሲደውል የሰርተፍኬቱን፣ የሥራ ውሉን እና የደሞዝ ደረሰኞቹን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ስልኩ ቻርጅ ሳይጨርስ።