ብዙ መሳሪያ መጫወት ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆች፣ ባገኛችሁኝ ቁጥር የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ጋሼ፣ አንዱን መሳሪያ ይዤ ልቆይ ወይስ ሁሉንም ልሞክር?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሙያ የኖርኩ ሰው ነኝና የማምነውን ልንገራችሁ። ሁሉንም ሞክሩ፣ ግን መጀመሪያ አንዱን ጠንቅቃችሁ ያዙ። ያ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው ከዘለላችሁ አምስት መሳሪያ ትነካካላችሁ እንጂ አንዱንም አትጫወቱም።

ሁለተኛው መሳሪያ ትልቁ ጥቅሙ ለጆሯችሁ ነው፣ በተለይ ዜማ ለመድረስና ለማቀናበር ለምታስቡ። ኪቦርድ የምትጫወቱ ይህን እስቲ ሞክሩት። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸው አምስት ድምፆች፣ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ሲ የሉበትም። እናንተ ደግሞ የለመዳችሁትን የሶል ሰባተኛ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ከስሩ ስታስገቡ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ይዞ ይመጣል፤ ቅኝቱ የተዋቸው ሁለቱም ድምፆች በአንድ ጊዜ ገቡ ማለት ነው። አንዳንዴ ያምራል። ብዙ ጊዜ ግን ትዝታው ድራሹ ይጠፋል። ይህን ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ ክራር በደንብ ያስተምራችኋል፣ ምክንያቱም ክራር ላይ ቅኝት ለመቀየር ክሩን ራሳችሁ ማጥበቅና ማላላት አለባችሁ፤ ከትዝታ ወደ ሌላው ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ስትሄዱ የትኛው እንደጠበቀ፣ የትኛው እንደላላ ጣታችሁ ያውቀዋል። ማሲንቆም እንደዚሁ ነው። ያለው አንድ ክር ነው፣ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ማሲንቆ ትንሽም ቢሆን የሞከረ አቀናባሪ፣ ድምፃዊው ሲያንቆረቁር ኪቦርዱን ዝም ማሰኘት ያውቅበታል። ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን፣ ኪቦርድና ኮንጋ የሚጫወት ሰው ነው፣ ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥር ግን የቅኝቱን አምስት ድምፅ አልጣላቸውም።

አሁን ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ልምጣ፤ እኔ ለወጣት ሁሉ የምነግረው የእሱን ታሪክ ነው። የልጅነት መሳሪያው አኮርዲዮን ነበር። ኦርጋን ሲመጣ አኮርዲዮን ቀረ፣ እሱም ኦርጋኑን ተማረና ቀጠለ። ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ተጫወተ፣ ያውም በሰዓት እላፊው ዘመን እስኪነጋ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ አብሮ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገባና ያንን የተረሳ አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሪትም ማሽን ጋር አዋህዶ የቆዩ የሀገር ቤት ዜማዎችን በካሴት ቀረጸ። ባንድ ባይኖረው ራሱ ባንድ ሆነ ማለት እኮ ነው! ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱ ግን ከመኪናው አይጠፋም ነበር፤ ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ከየሀገሩ ለኮንሰርት ተጠራ፣ እጁም አልዛገም ነበር። በ2018 አዲስ አልበም አወጣ።

እኔ ከእናንተ የምፈልገው ያንን የመኪና ውስጥ ልምምድ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ይቆማል፣ ክለቡም ይቀዘቅዛል። ብዙ ልጅ ያኔ መሳሪያውን ቦርሳው ውስጥ ዘግቶ ፋሲካን ይጠብቃል። አዲስ መሳሪያ መጀመር ያለባችሁ በዚያ ጊዜ ነው፣ ሥራ ሲበዛማ ማን ጊዜ አለው?

የመጨረሻው ነገር ስለ ገንዘብ ነው። ሁሉን የሚጫወት ልጅ ስቱዲዮ ውስጥ ይወደዳል፣ ይበዘበዛልም። ቤዙ ያንተ፣ ኪቦርዱ ያንተ፣ ቅንብሩም ያንተ፣ ክፍያው ግን የአንድ ሰው። ይሄ ያናድደኛል፣ ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ሙያውን ሲተው አይቻለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የእናንተንም ሥራ ይመለከታል፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። ጓደኛዬ ነው፣ ይሉኝታ ይዞኛል የሚባል ነገር አይሠራም። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ዜማው የማን እንደሆነ፣ ቅንብሩን ማን እንደሠራ፣ የትኛውን መሳሪያ ማን እንደሚጫወትና ለየብቻው ስንት እንደሚከፈል በወረቀት ይጻፍ። እናንተም ከፋዩም ፈርሙበትና አንዱን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ።